የመጥረጊያው እንጨት

በጥር ነው ያመጣቻት፣ ቡርያ የሚሉት ንፋስ
ከስኔዥኒክ በረዶ ልሶ ቢስትሪጻ ላይ ሲፈስ፤
ሰናፍጭ የመሰለች፣ ሁለት ወንበር ያላት፣ ጣራ ያልፈጠረባት መኪና።
«በግንቦት ዳገቱን እወጣለሁ፣ ውድድር አለ» አለች ኔይካ፣
«ደንቡ ግን ቅስት ይላል፣ ከራስ ቁር አናት አምስት ሳንቲ ከፍ ብሎ የሚለካ።»
ስሜ ላፋቸው ይከብዳል፤ እዚህ «በያጁ» ነው የምባል።
«እሺ» አልኳት፣ «ቧንቧ አለኝ። አባትሽ ግን ምን ይላል?»

ዝም አለች።

ቦጎሚርን የማያውቅ የለም። ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ነው፣
በዚችው መኪና፣ ሦስተኛው መታጠፊያ፣ ከእንጨት መሰንጠቂያው ማዶ
ተገለበጠ።
ጎማዎቹ ሰማይ አዩ። ራሱ ቦይ ውስጥ ገባ፤
ቦዩ ጥልቅ ባይሆን ኔይካ የምትባል ልጅ ባልኖረች።
ዛሬ ማታ ማታ ብርጭቆ ይገለብጣል፤
አንገቱ እንቢ ስላለ፣ ሲጠሩት ከነገላው ይዞራል።
እሷ ደግሞ ግንባሩን፣ እልሁን፣ የመሪ አያያዙን
አንድ ሳታስቀር ገልብጣ
ይኸው ደጄ ላይ ቆማለች፣ ቁልፍ በጣቷ እያሾረች።
አንድ ግስ በአንድ ቤተሰብ ላይ ይህን ያህል ሲሠራ አላየሁም።

ምንጣፉን ገሽልጬ ሳነሳ፣ ከዝገቱ መሐል
የመስታወት ፍንካች አገኘሁ፣ ስንዴ ያህል።
አላሳየኋትም። ኪሴ ከተትኩት።
ወለሉ ስስ ነው፤ ቧንቧው እንዲሁ ቢቆምበት
ቀን የጎደለ ለት ይበሳል እንጂ አይሸከምም፤
ስለዚህ ከላይም ከታችም ብረት አለበስኩት፣
መሐሉን በወፍራም ብሎን ጠረቅኩት።
ቧንቧውን፣ መገጣጠሚያ የሌለውን፣ ሦስቴ ለካሁት፤
ጉብጠቱ ላይ እንዳይጨማደድ፣ እንደ ሕፃን ክንድ ቀስ አድርጌ አጠፍኩት።
ከዚያ ሰያፉን፣ ከዚያ ወደ ኋላ የሚደግፉትን ሁለት እግሮች…
ሌሊቱን ግድግዳዬ ሲበራ ሲጠፋ፣ ሲበራ ሲጠፋ።

«አስቀየምካት» አለች ስታያት፣ «ጎባጣ አረግካት።
የጨርቅ ጣራዋም አይዘረጋም እንግዲህ፤ ዝናብ ቢመጣስ?»
«ዝናብ አንገት ሰብሮ አያውቅም» አልኳት።
ይህን ባልል ይሻል ነበር።

አንድ ቅዳሜ ቦጎሚር መጣ፣ ማንም ሳይጠራው፣ መጥረጊያ ይዞ።
«ግቢ» አላት። ገባች።
«ቁሩን ድፊ።» ደፋች።
የእንጨቱን አንድ ጫፍ ቅስቱ ላይ፣ ሌላውን የፊት መስታወቱ ጠርዝ ላይ አጋደመ።
ቁሯ እንጨቱን ነካ። ቀጭ።
«ቅስቱን ከፍ ያድርገው» አለች።
«ወንበሩን ዝቅ ያድርገው» አለ።
ጎንበስ ጎንበስ ዕቃ ለማንሳት ነው፣ አልኩ በልቤ፤
አንዳንዴም ራስን ለማትረፍ።

የወንበሩን ሐዲድ ቆርጬ ስድስት ሳንቲ አወረድኩት።
እንጨቱን ዳግመኛ ሲያጋድመው፣ ከቁሩና ከእንጨቱ መካከል
መዳፉን አስገባ። ገባለት።
እዚያው ተወው፣ ረጅም ጊዜ፣ ትኩሳቷን እንደሚለካ ሰው።
እኔ መፍቻ የምፈልግ መሰልኩ።

ሌላው ባለሙያ ሥራው እንዲፈተን፣ እንዲመሰገን ይለምናል፤
እኔ ለዚያ ቅስት የለመንኩት
ሥራ ፈትቶ እንዲኖር፣
ቀለሙ ሳይጫር እንዲያረጅ ነው።

በግንቦት ዳገቱን ወጣች። ስንተኛ እንደወጣች ረስቼዋለሁ።
ስትመለስ ቅስቱን በጣቴ ዳሰስኩት፤
ሁለት ዝንብ ተለጥፎበታል፣ ሌላ ምንም።
ጎማዎቹ መሬት ያያሉ።

ቦጎሚር ያን ቅዳሜ መጥረጊያውን ረስቶት ሄደ።
መጥቶም አልወሰደው። የብረት ቅንጥብጣቢ የምጠርገው
እስካሁን በሱ ነው።